የልጄን ስም የፋቅሁበት ገጽ

ሰው የገዛ ልጁን በገዛ እጁ ጽፎ ሊገድል ይችላል? እኔ አንድ ቀን ተኩል ያህል ገደልኩት ብዬ አምኜ ነበር። የምነግራችሁ ያን ቀን ተኩል ነው። የተማርኩ ሰው አይደለሁምና አጻጻፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ በሁለት ክፍል ቤት ጥጥ እየፈተልኩ እኖር ነበር። ባሌ በጣልያን ጊዜ ጫካ እንደገባ አልተመለሰም። የቀረኝ አንድ ልጅ ነው፤ ጥጋቡ። እሱም ከሥራ ሁሉ መርጦ የጭነት ማኪና ነጂ ሆነ። ከጎንደር አሥመራ፣ ከአሥመራ ጎንደር፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት። ሊማሊሞን ያላየ ቢኖር፣ ከደባርቅ ማዶ ምድሩ ድንገት ያልቅና መንገዱ በገደሉ ፊት እንደተጣለ መቀነት ተጠማዝዞ ይወርዳል ይላሉ። ይላሉ የምለው እኔም ስላላየሁት ነው። ያላየሁትን ግን ካየሁት ሁሉ አብልጬ እፈራው ነበር። የማኪና ድምፅ ስሰማ እንዝርቴ ከእጄ ይወድቃል፤ ሳልሰማ ስውልም ይወድቃል።

ፊደል የለቀምኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ዳዊትም ክታብም በብራና ይጽፉ ነበር። ሴት ልጅ ናት ብሎ የከለከለኝ አልነበረም፤ ያስተማረኝም አልነበረም። ቀለም እየበጠበጥኩ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ሳይ ፊደሉ ዓይኔ ውስጥ ቀረ። በኋላ በሰፈራችን የማታ ትምህርት ሲከፈት ሦስት ወር ሄጃለሁ። ትምህርቴ ይኸው ነው።

ጥጋቡ ከአሥመራ ሲመለስ ልብ ወለድ መጽሐፍ እያመጣ ያነብልኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱን አንብቦ ሲጨርስ፣

«እንዲህማ ከሆነ እኔም እዋሻለሁ» አልኩት።

ሳቀ። በሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ወፍራም ደብተርና እስክሪብቶ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ። «በይ እንግዲህ ዋሺ» አለኝ።

ጀመርኩ። ታሪኬ የአንድ ነጂና የእናቱ ነበር። ነጂው በመጨረሻ በሊማሊሞ እንደሚሞት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አውቀው ነበር። ከየት አመጣሽው ብትሉኝ ከጎረቤቴ ነው። እትዬ ዘይነባ ከቤቴ ፊት ለፊት ጨውና በርበሬ ትሸጣለች፤ ወንድ ልጇ በዚያ መንገድ ከነማኪናው ገደል ገብቶ ከቀረ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ስሙን ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። ስለ ሌላው ሁሉ ግን አፏ አያርፍም።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ለነጂው ስም ማውጣት ነበረብኝ። ጥጋቡ ብዬ ብጠራው ሰፈሩ ሁሉ ልጄ መሆኑን ያውቃል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የክርስትና ስሙን ሰጠሁት፤ ወልደ ገብርኤል። ይህን ስም ከእኔ፣ ከራሱና ከንስሐ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም፤ ልጄን ደበቅሁት አልኩ። የክታብ ጸሐፊ ልጅ ሆኜ ይህን ማድረጌ! አባቴ ክታብ ሲጽፉ የባለቤቱን የክርስትና ስም ነበር የሚያስገቡት፤ ጽሑፉን ከሰውየው ጋር የሚያስረው እሱ ነውና። ባለቤቱ ገና ያልታወቀ እንደሆነ የስሙን ቦታ ባዶ ይተዉታል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ከዓይን ለመደበቅ ስል ልጄን በሚያስረው ስም ጻፍኩት።

ሐምሌ ነበር። ጥጋቡ ማክሰኞ ይመለሳል ብዬ እየጠበቅሁ ሰኞ ዕለት የነጂውን ሞት ጻፍኩ። አራት ገጽ እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ። ማኪናው ከመንገድ ሲወጣ ነጂው «ሞት ሆይ፣ ምነው በለጋነቴ መጣህብኝ» እያለ ይናገራል። ከዚያ እናቱ ትሰማለች፤ ፀጉሯን ትነጫለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ሙሾ ታወርዳለች። እኔም እየጻፍኩ አለቀስኩ፤ በማልቀሴም ሸጋ ጻፍኩ ብዬ ኮራሁ።

ማክሰኞ ልጄ አልመጣም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይም አልመጣም። እትዬ ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ እየፈተልኩ መንገዱን አያለሁ።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ፣ «አንገትሽ እንዲህ ከረዘመ ነገ ነጠላሽ መች ሊሸፍነው ነው?»

«አንድ ቀን እኮ አለፈው።»

«ክረምት ነው፤ ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ነጂ አይበላም።»

ወዲያው ከወገራ በኩል የመጣ አንድ መንገደኛ ጨው ሊገዛ ቆመ። ጨዉን እያሰፈረ፣ ጠያቂ ሳይኖረው፣ «ሊማሊሞ ማኪና ገደል ገባ አሉ፤ ትናንት ወይ ከትናንት ወዲያ» አለ።

«የማን?» አልኩ።

«ምን አውቄ እናቴ። የጭነት ነው አሉ።»

እትዬ ዘይነባ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ሲል ሰኞ መሆኑን ቆጠርኩ፤ ሰኞ ምን እንዳደረግሁ፣ በማን ስም እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ።

ደብተሩን ገለጥኩ። ወልደ ገብርኤል። በአራት ገጽ አሥራ አንድ ጊዜ። «ወልደ ገብርኤልም ወደቀ።» «የወልደ ገብርኤል ሬሳ።» በአባቴ ቤት ይህ ልብ ወለድ አይባልም። ለልጄ የሞት ክታብ ጽፌለት ቁጭ ብያለሁ።

መቅደድ አልደፈርኩም፤ ከነስሙ ብቀደው እሱንም የምቀደው መሰለኝ። አባቴ ከክታብ ላይ ስም ሲሰርዙ የሚያደርጉትን አደረግሁ። ክታብ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛው ስም በምላጭ ይፋቃል፣ በላዩ አዲሱ ይጻፋል። የአባቴ ምላጭ ሣጥን ውስጥ ነበረ፤ አውጥቼ የመጀመሪያውን ስም መፋቅ ጀመርኩ። ብራና ቆዳ ነው፤ ይችላል። የደብተር ወረቀት መሆኑን ፍርሃቴ አስረሳኝ። ሁለቴ እንደሳብኩት ስሙ ከነወረቀቱ ተነሥቶ በቦታው ቀዳዳ ቀረ። በቀዳዳው ውስጥ ከሥር ያለው ገጽ ታየኝ። እዚያም ያው ስም ነበር።

ደብተሩን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ ወደ አያ መርሻ ሮጥኩ።

አያ መርሻ የአባቴ ተማሪ ነበሩ፤ አሁን እሳቸውም አርጅተዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለች ጎጇቸው ደጃፍ የፍየል ቆዳ ወጥረው ይፍቃሉ።

«አያ፣ ይድረሱልኝ! ልጄን ገደልኩት።»

መፋቂያውን አስቀመጡ። «በምን?»

«በእስክሪብቶ።»

ሲያዩኝ ሳቅም ቁጣም አልነበረባቸውም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሩን ተቀበሉኝና ከፀሐይ ዞረው ማንበብ ጀመሩ። እንደ ዳዊት ድምፅ እያወጡ፣ ጣታቸውን በየፊደሉ ሥር እየጎተቱ። ያን ያህል የረዘመ ንባብ አላውቅም። ጨርሰው ቀና አሉ።

«ይህ ገደል ስንት ክንድ ነው?»

«እኔ እንጃ አያ፣ አላየሁትም።»

«ሰውየው እስኪወድቅ አንድ ገጽ ተኩል ተናገረ እኮ። ስብከት ጨርሶ ነው የወደቀ።»

«አያ፣ ልጄ! ስለ ስሙ ይንገሩኝ። ስም ይገድላል ወይ?»

«ስም ኃይል የለውም ብልሽ እኔ ክታብ የምጽፈው ምኔ ሆኜ ነው?» አሉ። «ኃይል አለው። ግን ስም ሰውየውን ሲያገኝ ነው። እስኪ ይሄን ስም አንሺው፤ ከሥሩ ማን ይቀራል?»

ወደ ደብተሩ አጎነበስኩ።

«ጥጋቡን በልጅነቱ አውቀዋለሁ። እዚህ ደጃፍ የተረፈ ብራና ሲለምነኝ ነው ያደገ። ከዚህ አራት ገጽ ውስጥ እሱ የለም። የሚናገረው እንደ ቄስ፣ የሚሞተው እንደ ሰማዕት። እናቲቱም አንቺን አትመስል፤ አስለቃሽ ናት። ልጅሽ እዚህ ከሌለ እዚህ አልሞተም። ሌላ ቦታ ሞቶ እንደሆነ ያንን እግዜር ያውቃል፤ በእስክሪብቶሽ ግን አይደለም።»

እፎይ ማለት ነበረብኝ አይደል? እኔ ግን አመመኝ። ልጄ አለመሞቱን ሲነግሩኝ ልጄን አለማወቄንም አብረው ነገሩኝ።

«ታዲያ የቀረውን አሥሩን ልፋቀው?»

«ምኑን ትፍቂዋለሽ? ልጅ ሆኜ አንድ መዝሙር ከነመሥመሩ ዘለልኩና ደብቄ እየፋቅሁ በላዩ ስጽፍ አባትሽ ያዙኝ። ያን የብራና ቅጠል ከጥራዙ አወጡት፤ አዲስ ብራና ሰጡኝ። 'ቃል ይፋቃል፣ ቅጠል ይወጣል' አሉኝ። አንቺ የተሳሳትሽው ቃል አይደለም፤ ቅጠሉን ነው። አውጪውና እንደገና ጀምሪ።»

«አሁን? ልጄ የት እንዳለ ሳላውቅ?»

«አሁን ካልሆነማ መቼ? ከመጣማ መፍራትሽን ትረሺዋለሽ።» ደብተሩን መልሰው ሰጡኝና ወደ ቆዳቸው ዞሩ። ዞረው ሳሉ መፋቂያውን ገልብጠው በጀርባው ሲፍቁ አየሁ። እሳቸውም ለጥጋቡ ፈርተው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ልጄን ፍለጋ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ገና ሳልቀመጥ እትዬ ዘይነባ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ከኋላዬ ወጣች።

«አንቺ ወዴት ነሽ?» አልኳት።

«ለብቻሽ ብትሄጂ በለቅሶሽ አውቶቡሱን ታስቆሚዋለሽ» አለች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ያን መንገድ ረግጣ አታውቅም ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፤ ሁለታችንም አላነሣነውም።

ኮሶዬን ስናልፍ ከመንገዱ በግራ ጉሙ ተገልጦ ገደሉ ታየ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እትዬ ዘይነባ አልጨፈነችም። አፏን ዘግታ፣ ሳትቀልድ፣ ጉሙ እስኪመለስ ታየው ነበር።

አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆመ። ከደባርቅ ማዶ መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ነበር፤ ሾፌሩ ከዚህ አላልፍም አለ። የወደቀውን ማኪና ብንጠይቅ አንዱ ሁለት ሰው ሞተ ይላል፣ ሌላው አንድ፣ ሌላው ማንም። የነጂውን ስም የሚያውቅ የለም። መንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገባን። ሥጋው የክርስቲያን ነውና እሷ አትበላም፤ ለእኔም አልወርድ አለኝ። ሻይ ይዘን በመስኮቱ መንገዱን ማየት ጀመርን።

ብዙ ቆይቼ፣ ከፍርሃቴ ብዛት የማይጠየቀውን ጠየቅኋት።

«ዘይነባ፣ ያን ቀን የነገሩሽ ጊዜ... ምን አደረግሽ?»

አሁን ትነሣብኛለች ብዬ ነበር። ብርጭቆዋን አዞረችው።

«ጨው እየሰፈርኩ ነበር» አለች። «አንዲት ሴት ሁለት ጣሳ ስፈሪልኝ ብላኝ፣ አንዱን ሰፍሬላት ነበር። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ነገረኝ። ሰማሁት። ሁለተኛውን ጣሳ ሞላሁት፣ በመዳፌ አስተካከልኩት፣ ገለበጥኩላት። ምርቃትም ጨመርኩላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሴትዮዋ ሄደች። ሰፍሬ ጨርሼ እኮ ነው የሄደችው። እኔ እስክጨርስ ልጄ አልሞተም ነበር። ገባሽ?»

አዎ፣ ገባኝ። ደብተሬን ከነጠላዬ አወጣሁ። የዚያን ሰኞ አራት ገጽ ከስፌቱ አላቅቄ አጠፍኳቸውና ጡቴ ሥር ከተትኳቸው። በአዲሱ ገጽ ጀመርኩ። ማኪናውን ተውኩት፤ ገደሉንም ተውኩት፤ ያላየሁትን ሁሉ ተውኩት። እናቲቱ ቆማ የሆነ ነገር ትሠራለች፤ ሰው ከበር ይገባል። የነጂው ስም ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አባቴ ባለቤቱ ላልታወቀ ክታብ እንደሚያደርጉት ቦታውን ባዶ ተውኩት።

«ምን ትጽፊያለሽ?» አለች እትዬ ዘይነባ።

«ውሸት።»

«ሸጋ ነው። የኔን ጨው ግን እንዳታረክሺው።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መንገዱ ተከፈተ አሉ። አንድ ማኪና መጣ፣ አለፈ። ሁለተኛ መጣ፣ አለፈ። ሦስተኛው ጭቃ የለበሰ ነበር፤ ቀለሙም አይለይ። ቆመና ጥጋቡ ወረደ፤ ሮጠን ወጣን።

«እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እጅጌውን ጨበጥኩ። እትዬ ዘይነባ መለሰችለት፦ «ሻይ ልንጠጣ ነው የመጣን። ጎንደር ሻይ አልቆ።»

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘይነባ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች። እጇ ጨው ጨው ይሸታል።

«ተይ» አለችኝ በቀስታ። «የወደቀውም እናት አለው።»

እውነቷን ነበር። የወደቀው የትግሬ ልጅ ነው፤ ጥጋቡና ጓደኞቹ በገመድ ወርደው ሬሳውን ሲያወጡ ነው ሁለት ቀን የቆዩት። ይህን ሲነግረን ጫማውን እያየ ነበር።

በማኪናው ተመለስን፤ እትዬ ዘይነባ በበሩ በኩል፣ እኔ መሐል። ልጄ አራት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን አብሬው ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መሪውን ሁለቴ በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ በቅሎ እንደሚያባብል። ማርሽ ሲቀይር የታች ከንፈሩን ይነክሳል። ሽቅብ ላይ ማኪናዋን «አይዞሽ» ይላታል። እኔ አላውቀውም፤ ይህን ሰው አላውቀውም ነበር።

«ሊማሊሞን ስትወርድ ምን ታስባለህ?» አልኩት።

«ምሳዬን።»

«አትዋሽ። ዋሾዋ እኔ ነኝ።»

ከንፈሩን ነክሶ ማርሽ ቀየረ። «እጄን ነው የማስበው። እጄ የት እንዳለ። ሌላ ካሰብኩ፣ አንቺንም ካሰብኩ፣ አልወርድም።»

ስለ ስሙም ነገርኩት። ይስቃል ስል አልሳቀም። «ገደል የከተትሽኝ በእስክሪብቶ ብቻ ከሆነ ይቅር ብዬሻለሁ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን ሰውየው ይሙት። አትርፊው ብዬ እንዳልለምንሽ። ያ የትግሬ ልጅም ሞቷል» አለኝ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ፍርሃት ለቀቀሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልለቀቀኝም። ዛሬም እንዝርቴ ይወድቃል። ግን ያን ቀን ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ለልጄ ስፈራ ኖሬ እሱን ሳላየው ነው የኖርኩት። ፍርሃቴ በእኔና በሱ መካከል እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ፣ መጋረጃውን ልጄ ነው እያልኩ እስመው ነበር። ያ አራት ገጽ የከሸፈው ለዚህ ነው፤ የፍርሃቴን ሞት እንጂ የሰው ሞት አልጻፍኩም። ልጅ ያላችሁ፣ አንድ ቀን ሥራው ላይ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ከንፈሩን መቼ እንደሚነክስ እዩ። የምትጽፉም ካላችሁ፣ ያለቀሳችሁበትን ገጽ ቶሎ አትመኑት፤ እኔ ሰኞ ያለቀስኩበት ባዶ ነበር።

ስሙን ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ተውኩት። አዲሱን ትዕይንት ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቅጠል አወጣሁ። ጥቅምት ላይ አራተኛው ቆመልኝ። ገበያ በሌለበት ቀን ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ይዤ ሄድኩ። የሷን ጨው ነው የጻፍኩት፤ ሳላሰማት ባስቀረው ሌብነት ነው። በርበሬ እየለቀመች ሰማችኝ። ሰውየው በሩ ላይ ሲቆም ጣቷ ዘገየ። «እናቲቱም አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመረችላት» ብዬ አነበብኩ።

«ሁለት» አለች።

«ምን?»

«ሁለት እፍኝ ነው የጨመርኩላት።»

አረምኩት። ቀጠልኩ፣ ስሙ ጋ ደረስኩና ቆምኩ። ባዶ ቦታ አይነበብም።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ስም የለውም። ቦታውን ትቼዋለሁ።»

በርበሬዋን ለቀመች፣ ለቀመች። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«ኑሩ» አለች።

አምስት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ የልጇ ስም ከአፏ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ኑሩ በይው። ልጄን ባዶ ቦታ አታስቀምጭብኝ።»

ደብተሬን ይዤ ወደ አያ መርሻ ሄድኩና ከቀዩ ቀለም ጠብታ ለመንኳቸው። ቀይ የቅዱሳን ስምና የባለቤት ስም የሚጻፍበት ነው። የማን ስም ነው አላሉኝም፤ የቀለም ቀንዱን ከነመቃ ብዕሩ አቀበሉኝ። እዚያው ደጃፋቸው ተቀምጬ ባዶውን ቦታ ሁሉ ሞላሁና ቀለሙ ሲደርቅ ተመለስኩ።

እትዬ ዘይነባ ፊደል አታውቅም። ገጹን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«የቱ ነው እሱ?» አለችኝ።

«ቀዩ» አልኳት።

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና አስቀመጠችበት።